አዲስ የዌብ አፕሊኬሽን ስትጀምሩ ከዳታቤዙ ጀምሩ

አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ክርክሩ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በፍሬምወርክ ምርጫ፣ በፎልደር አደራደርና በገጹ መልክ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ በኋላ ይስተካከላሉ። ፋይል ከቦታ ቦታ ይዛወራል፣ ገጽ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፣ ተጠቃሚውም ልብ ሳይለው ያልፋል። ዳታቤዝ ውስጥ የገባ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረምም። ሰዓት ያለ ዞን ከተመዘገበ፣ ገንዘብ በፍሎት (በግምት በሚያዝ የአስርዮሽ ቁጥር) ተቀምጦ ሳንቲሙ ከተዛባ፣ አንድ ሰው ኢሜይሉን አንዴ በትልቅ አንዴ በትንሽ ፊደል ጽፎ ሁለት አካውንት ከከፈተ፣ ትክክለኛው የቱ እንደነበር ከዳታው ብቻ ማወቅ አይቻልም። የቱንም ያህል ጥሩ ኮድ ብትጽፉ የጠፋ መረጃ አይመለስም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ዳታ ከገባ በኋላ ለማረም በሚከብዱት ውሳኔዎች ላይ ብታውሏቸው ይሻላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝና ጃንጎ የተባለውን የፓይተን ፍሬምወርክ ይዤ ነው። በሌላ ፍሬምወርክ ብትሠሩም ዳታቤዙን የሚመለከተው ክፍል እንዳለ ይጠቅማችኋል። ነገሩ እንዲጨበጥ የስብሰባ ክፍሎችን በሰዓት የሚያስይዝ አንድ አፕሊኬሽን እየሠራን ነው ብለን እንነሣ፤ ተጠቃሚ አለ፣ ክፍል አለ፣ ማስያዣ አለ፣ ክፍያ አለ።

ላፕቶፑም ሰርቨሩም ላይ አንድ ዓይነት ዳታቤዝ

በዳታቤዝ ምርጫው ላይ ብዙ አልቆይም። አፕሊኬሽኑ በአንድ ሰርቨር ብቻ የሚኖርና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የማይጽፍበት ከሆነ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ትንሹ ዳታቤዝ ኤስኪውላይት በቂ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ጸሐፊ ብቻ መሆኑን፣ የፎሪን ኪይ (አንዱ ቴብል ወደ ሌላው የሚያመለክትበት ማያያዣ) ቁጥጥሩም ካልተበራ በቀር እንደማይሠራ እወቁ፤ ጃንጎ ይህንን ራሱ ያበራላችኋል። ከዚያ ለሚበልጥ ሥራ ሁሉ እኔ ፖስትግሬስን እመርጣለሁ።

አጥብቄ የምቃወመው ሁለቱን ማደባለቅን ነው፦ ላፕቶፕ ላይ ኤስኪውላይት፣ ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስ። ኤስኪውላይት ሃምሳ ፊደል ብቻ ይያዝ የተባለ ኮለም ውስጥ ሁለት መቶ ፊደል ብታስገቡ ዝም ብሎ ይቀበላል። ቁጥር ይያዝ የተባለ ኮለም ውስጥም፣ ቴብሉ ጥብቅ እንዲሆን ተብሎ ካልተፈጠረ፣ ጽሑፍ ያስገባል። በላይክ (በጽሑፍ መፈለጊያው ትእዛዝ) ስትፈልጉ የእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አንድ አድርጎ ያያል፤ ፖስትግሬስ ግን ይለያቸዋል። ቴስቱ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሰርቨር ላይ የሚወድቀው በእንዲህ ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ፖስትግሬስ ይሁን፣ ዋናው የቨርዥን ቁጥርም አንድ ይሁን።

ላፕቶፕ ላይ በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ኢሜጅ ከተባለ ዝግጁ ጥቅል አንሥቶ ኮንቴይነር በተባለ ሣጥን ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ፣ ማስነሣቱ ይቀላል። ሦስት ነገሮች ግን ልብ ይባሉ። የመጀመሪያው የኢሜጁ ቨርዥን ነው፤ የመጨረሻውን ስጠኝ የሚለውን መለያ ትታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ ለምሳሌ 17። በ16 የተፈጠረ የዳታ ፎልደርን 17 አይከፍተውም፤ የዳታው ፋይል ከሰርቨሩ ቨርዥን ጋር አይስማማም ብሎ ይቆማል። ቁጥሩ ካልተጻፈ አንድ ቀን ኢሜጁ ራሱን ሲያድስ ይህ ይገጥማችኋል። ሁለተኛው ፓስወርዱ ነው። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የምትሰጡት ፓስወርድና የዳታቤዝ ስም የሚሠራው የዳታ ፎልደሩ ባዶ በሆነበት በመጀመሪያው መነሣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ ብትቀይሩት ኮንቴይነሩ ዞር ብሎም አያየውም። ፓስወርዱን ቀይሬ እምቢ አለኝ የሚለው የተለመደ አቤቱታ መነሻው ይኸው ነው፤ መፍትሔው ገብቶ በትእዛዝ መቀየር፣ ወይም የሚፈለግ ዳታ ከሌለ ቮሊዩሙን (ዳታው የተቀመጠበትን የዶከር ማከማቻ) አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ነው። ሦስተኛው ፖርቱ ነው። 5432ን ስትከፍቱ ከፊቱ 127.0.0.1 ጻፉበት። ሊኑክስ ላይ ዶከር የፋየርዎል ሕጎቹን በራሱ መንገድ ስለሚጽፍ፣ በፋየርዎል መሣሪያው በዩኤፍደብልዩ ዘግቼዋለሁ ያላችሁት ፖርት ለውጭ ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰርቨር ላይ ደግሞ ይህ የበለጠ አደገኛ ነው።

ሁለት ሮል፣ ሁለት ሥልጣን

ብዙ ፕሮጀክት ፖስትግሬስ በተባለው የበላይ ተጠቃሚ ተጀምሮ በዚያው ይቀጥላል። ከመጀመሪያው ሁለት ሮል፣ ማለትም ሁለት የዳታቤዝ ተጠቃሚ፣ ፍጠሩ። አንዱ የቴብሎቹ ባለቤት ሲሆን ማይግሬሽን (የቴብሎቹን ቅርጽ የሚለውጥ ፋይል) የሚያስኬደው እርሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው አፕሊኬሽኑ በየቀኑ የሚገባበት ነው፤ ረድፍ ያነባል፣ ያስገባል፣ ያሻሽላል፣ ይሰርዛል፣ ቴብል ግን አይፈጥርም፣ አይጥልም። አንድ ቀን በኮዱ ውስጥ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ቀዳዳ (ተጠቃሚ የጻፈው ጽሑፍ የዳታቤዝ ትእዛዝ ሆኖ የሚሠራበት) ቢገኝ፣ ሰብሮ የገባው ሰው ቴብል መጣል የማይችል መሆኑ ትልቅ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሰውን ያደናግራሉ። ከ2022ቱ የፖስትግሬስ ቨርዥን 15 ጀምሮ የዳታቤዙ ባለቤት ያልሆነ ሮል፣ ካልተፈቀደለት በቀር፣ በፐብሊክ ስኪማ (ቴብሎች በሚቀመጡበት ነባሪ ቦታ) ውስጥ ቴብል መፍጠር አይችልም። አሮጌ መመሪያ ተከትላችሁ በዳታቤዙ ላይ ያለውን መብት ሁሉ ለሮሉ ብትሰጡትም፣ የመጀመሪያው ማይግሬሽን በፐብሊክ ስኪማ ላይ ፈቃድ የለህም በሚል ስህተት ይቆማል። በዳታቤዝ ላይ የሚሰጥ መብት በስኪማ ላይ ከሚሰጥ መብት የተለየ ስለሆነ ነው። ዳታቤዙን ስትፈጥሩ ባለቤቱን የማይግሬሽኑ ሮል አድርጉት፤ ነገሩ ያልቃል።

ሁለተኛው፣ ዛሬ ባሉት ቴብሎች ላይ ለአፕሊኬሽኑ ሮል የምትሰጡት መብት ነገ ለሚፈጠረው ቴብል አይደርስም። ለወደፊቱ የሚሠራ ነባሪ መብት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህ ትእዛዝ ደግሞ የሚሠራው በስሙ የተጠቀሰው ሮል ለሚፈጥራቸው ቴብሎች ብቻ ነው። በበላይ ተጠቃሚው ገብታችሁ የማይግሬሽኑን ሮል ስም ሳትጠቅሱ ብታስኬዱት፣ ስህተት ሳያሳይ ያልፍና ምንም አይለውጥም። ከዚያ ከሳምንት በኋላ አዲስ ቴብል ሲጨመር አፕሊኬሽኑ ማንበብ አቃተኝ ይላል።

ላፕቶፕ ላይ ለማይግሬሽኑ ሮል ዳታቤዝ የመፍጠር መብት ጨምሩለት፤ ጃንጎ ቴስት ሲያስኬድ ለጊዜው የሚሆን ዳታቤዝ ፈጥሮ መልሶ ያጠፋል። ሰርቨር ላይ አያስፈልገውም።

የተጠቃሚውን ቴብል ከማይግሬት በፊት

ጃንጎ የራሱ የተጠቃሚ ሞዴል አለው፣ ወዲያው ይሠራልም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ማይግሬት ከማስኬዳችሁ በፊት የራሳችሁን የተጠቃሚ ሞዴል ፍጠሩ፤ ለጊዜው የጃንጎውን ወርሶ ምንም ያልጨመረ ባዶ ክላስም ቢሆን። የጃንጎ ዶክመንቴሽን ራሱ ለዓመታት ለአዲስ ፕሮጀክት ይህንን ሲመክር ቆይቷል። ምክንያቱ የፎሪን ኪይ ሰንሰለቱ ነው። የአድሚኑ የእንቅስቃሴ መዝገብ፣ የፈቃድ ቴብሎቹ፣ የእናንተ ማስያዣ፣ የእናንተ ክፍያ ሁሉም ወደ ተጠቃሚው ቴብል ያመለክታሉ። ከወራት በኋላ በስልክ ቁጥር መግባት ይቻል ሲባል ሞዴሉን ለመተካት እነዚህን ሁሉ በእጅ መፍታትና የማይግሬሽን ታሪኩን መነካካት ግድ ይሆናል። አምስት መስመር ኮድ ዛሬ ቢጻፍ ያ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ኢሜይል መግቢያ ከሆነ እንዳይደገም የሚቆጣጠረው ደንብ በትንሽ ፊደል በተለወጠው ኢሜይል ላይ ይሁን። ጃንጎ ከ4.0 ጀምሮ በሞዴሉ ውስጥ ሎወር የሚለውን ፈንክሽን ተጠቅሞ ዩኒክ ኮንስትሬይንት (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ያለመደገም ደንብ) መጻፍ ያስችላል። ፎርሙ ላይ ወደ ትንሽ ፊደል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ነገ በኤፒአይ ወይም በኢምፖርት ስክሪፕት የሚገባው ዳታ በፎርሙ በኩል አያልፍም።

ስለ ዓይነቶች

ለመለያ ቁጥር ቢግኢንት (ስምንት ባይት የሚይዝ ሙሉ ቁጥር) ውሰዱ። ተራው ኢንቲጀር 2,147,483,647 ላይ ያልቃል፤ ሲያልቅ አዲስ ረድፍ አይገባም። ቴብሉ በጣም ባደገበት፣ አፕሊኬሽኑም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው የሚያልቀው። በየረድፉ የሚጨምረው አራት ባይት ብቻ ነው። ጃንጎ ከ3.2 ጀምሮ ለአዲስ ፕሮጀክት ይህንን ራሱ ይመርጣል፤ አለመነካቱን ብቻ አረጋግጡ። ለውጭ በሊንክ የሚታይ መለያ ከፈለጋችሁ ዩዩአይዲ (ረጅም የማይደገም መለያ) ጨምሩ፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ቁጥር ሊንክ ላይ ከታየ ስንት ማስያዣ እንዳላችሁ ማንም ይቆጥራል። ዩዩአይዲውን ፕራይመሪ ኪይ (የረድፉ ዋና መለያ) ለማድረግ ካሰባችሁ ቨርዥን 7ን ምረጡ። ቨርዥን 4 ሙሉ በሙሉ የዘፈቀደ ስለሆነ አዲሱ ረድፍ በኢንዴክሱ (ለፍለጋ በተደረደረው ማውጫ) ውስጥ የትም ይወድቃል፣ ቴብሉ ሲያድግም መጻፉ ይዘገያል። ቨርዥን 7 በሰዓት ስለሚጀምር በቅደም ተከተል ይገባል።

ገንዘብ በፍሎት አይቀመጥም። በፍሎት 0.1ን እና 0.2ን ደምሩና ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ አይደለም ይላችኋል። ወይ ኒውሜሪክ (አስርዮሹን በትክክል የሚይዝ ዓይነት)፣ ወይ ደግሞ በትንሿ መክፈያ የተቆጠረ ሙሉ ቁጥር ተጠቀሙ፤ አጠገቡም የገንዘቡን ዓይነት የሚይዝ ኮለም ይኑር። ሁሉም ገንዘብ ሁለት አሃዝ ሳንቲም አለው ብላችሁ በመቶ አታካፍሉ፤ የጃፓን የን ሳንቲም የለውም፣ የኩዌት ዲናር ደግሞ ወደ ሺ ይከፋፈላል።

ሰዓት ከሁሉም ይልቅ ያወዛግባል። ፖስትግሬስ ሁለት ዓይነት አለው፤ ዞን ያለውና ዞን የሌለው። ሁለቱም ስምንት ባይት ናቸው፣ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ የሚባል ምክንያት አይኖርም። ዞን ያለው የሚባለው የዞኑን ስም አያስቀምጥም፤ የገባውን ሰዓት ወደ ዩቲሲ (ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ለውጦ ያስቀምጣል፣ ሲያወጣ ወደ ጠያቂው ዞን ይመልሳል። ለተፈጸመ ነገር ሁሉ፣ ማለትም መቼ ተመዘገበ፣ መቼ ተከፈለ ለሚለው፣ ዞን ያለውን ተጠቀሙ። ጃንጎ ላይ የዞን ሴቲንጉ ከ5.0 ጀምሮ ሳይነካ የበራ ነው።

ለወደፊት ቀጠሮ ግን ዩቲሲ ብቻውን አይበቃም። ሰውዬው ያስያዘው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት ነው። አገሮች የሰዓት ለውጥ ደንባቸውን ይቀይራሉ፤ ደንቡ ከዛሬና ከቀጠሮው ቀን መካከል ቢቀየር በዩቲሲ የተቀመጠው ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ስለዚህ ለክፍሉ የዞኑን ሙሉ ስም የሚይዝ ኮለም ይኑረው፤ ሲደመር ሦስት ወይም ሲቀነስ አምስት የሚለው ልዩነት ብቻ ከተቀመጠ ስለ ደንቡ ምንም አይነግርም። ቀጠሮው እንደተጻፈበት በአካባቢው ሰዓት ይቀመጥ፣ ዩቲሲው ደግሞ ከእርሱ ይሰላ።

ጽሑፍን በሚመለከት አጭር ነው፦ ፖስትግሬስ ውስጥ በቴክስትና በቫርቻር መካከል የፍጥነት ልዩነት የለም። ገደብ የምታስቀምጡት ለገደቡ እውነተኛ ምክንያት ሲኖር ብቻ ይሁን። 255 የሚለው ቁጥር ከልማድ የመጣ ነው።

ደንቡን ዳታቤዙ ይጠብቀው

አሁን ወደ ማስያዣው እንምጣ። ሁለት ሰዎች አንድን ክፍል በአንድ ሰዓት እንዳይዙ ማድረግ አለብን። የተለመደው ኮድ መጀመሪያ በዚያ ሰዓት የተያዘ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ከሌለ ያስገባል። አንድ ሰው ብቻ ሲሞክረው ሁሌም ይሠራል። ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ሲመጡ ግን ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም የለም የሚል መልስ ያገኛሉ፣ ሁለቱም ያስገባሉ። ነገሩን በትራንዛክሽን (ሁሉም በአንድነት በሚጸና ወይም በሚሰረዝ የትእዛዝ ስብስብ) መክበብም አያድንም፤ ፖስትግሬስ ሳይነካ በሚሠራበት የመነጠል ደረጃ አንዱ ትራንዛክሽን ሌላው ገና ኮሚት ያላደረገውን (ያላጸናውን) ረድፍ አያይም።

መድኃኒቱ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንት ነው። የማስያዣውን መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ የሬንጅ ኮለም ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ የክፍሉ መለያ እኩል ሆኖ ሬንጁ የተደራረበ ሁለት ረድፍ አይኑር ብላችሁ ትደነግጋላችሁ። መለያ ቁጥሩን ይህንን ደንብ በሚያስከብረው በጂስት ኢንዴክስ ውስጥ ለማስገባት ቢትሪ ጂስት የሚባለው ኤክስቴንሽን መጫን አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ማይግሬሽኑ ለዚህ ዓይነት ነባሪ ኦፕሬተር ክላስ የለም ብሎ ይወድቃል። ሬንጁ መጀመሪያውን የሚያካትት፣ መጨረሻውን የማያካትት ይሁን፤ እንዲያ ሲሆን ከ10 እስከ 11 ያለው ከ11 እስከ 12 ካለው ጋር አይጋጭም። መጨረሻውንም የሚያካትት ከሆነ ተከታታይ ስብሰባዎች ሁሉ ተደራርበዋል ይባላሉ። የተሰረዘ ማስያዣን በረድፉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ የምታቆዩ ከሆነ፣ ኮንስትሬይንቱ ያልተሰረዙትን ብቻ እንዲመለከት ቅድመ ሁኔታ ጨምሩበት፤ ያለዚያ የተሰረዘው ሰዓት መቼም ሊያዝ አይችልም። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጥያቄዎች ቢጋጩ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ስህተት ይደርሰዋል። የኮዱ ሥራ ያንን ስህተት ይዞ ሰዓቱ ተይዟል የሚል መልእክት ማሳየት ብቻ ይሆናል።

ሌሎቹንም ደንቦች በዚሁ ዓይን እዩዋቸው። ዋጋ ከዜሮ በታች አይሁን፣ ሁኔታው ከተፈቀዱት ቃላት አንዱ ይሁን የሚሉት በቼክ ኮንስትሬይንት ይጻፋሉ። ባዶ መሆን የማይገባው ኮለም ከመጀመሪያው ባዶ አይሁን ይባል፤ በኋላ ለመጨመር የነበሩትን ባዶዎች በምን እንደምትሞሉ መወሰን ይመጣል። ፎሪን ኪይ ላይ ደግሞ ጃንጎ ዋናው ሲሰረዝ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቃል። እኔ ለአብዛኛው መሰረዝን የሚከለክለውን እመርጣለሁ። ክፍሉ ሲሰረዝ ማስያዣዎቹም ክፍያዎቹም አብረው እንዲጠፉ ማድረግ በአድሚኑ ገጽ ላይ በአንድ ክሊክ የሒሳብ መዝገብ ማጥፋት ነው።

ፎሪን ኪይ ላይ ጃንጎ ኢንዴክስ ራሱ ይጨምራል። በቀጥታ በኤስኪውኤል የምትሠሩ ከሆነ ግን ፖስትግሬስ በሚያመለክተው ኮለም ላይ ኢንዴክስ አይፈጥርላችሁም። ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ ስለሚፈጥር ከዚያ የመጡ ሰዎች ይህ ያመልጣቸዋል። ምልክቱ አንድ ክፍል መሰረዝ ብዙ ሰከንድ መፍጀቱ ነው፤ ዳታቤዙ የሚያመለክት ረድፍ እንዳለ ለማየት የማስያዣውን ቴብል ከዳር እስከ ዳር ያነባል።

ማይግሬሽን

የመጀመሪያው ዳታ ሳይገባ በፊት አንድ ልማድ ይያዝ፤ ዳታቤዙን በእጅ የሚነካ አይኑር። አንድ ኮለም በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ከተጨመረ ጃንጎ ስለማያውቀው ቀጣዩ ማይግሬሽን ይህ ኮለም አስቀድሞ አለ ብሎ ይወድቃል። የማይግሬሽን ፋይሎች ወደ ጊት ይግቡ። ቴስት በሚያስኬደው ሲስተም ላይ ሜክማይግሬሽንስን በቼክ አማራጩ አስኪዱት፤ ሞዴል ተቀይሮ ማይግሬሽን ካልተጻፈለት እዚያው ያስቆማል።

አፕሊኬሽኑ ሰው መጠቀም ከጀመረ በኋላ ደግሞ መቆለፊያን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ረጅም ሪፖርት እያወጣ ነው እንበል፤ ኪውሪው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በመካከሉ ኮለም የሚጨምር ማይግሬሽን ይመጣል። ኮለም መጨመሩ ራሱ ከቅጽበት ያነሰ ሥራ ነው፤ ከ2018ቱ ቨርዥን 11 ጀምሮ ቋሚ ነባሪ ዋጋ ያለው ኮለም መጨመር ቴብሉን እንደገና አያጽፍም። ግን ሙሉ መቆለፊያ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ወረፋ ይይዛል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተራ ንባብ ሁሉ ደግሞ ከኋላው ይሰለፋል። ማይግሬሽኑ ምንም ሳይሠራ አፕሊኬሽኑ ሁለት ደቂቃ ይቆማል። መከላከያው ለማይግሬሽኑ ሮል ሎክ ታይምአውትን ወደ አምስት ሰከንድ ማውረድ ነው። መቆለፊያውን በዚያ ጊዜ ካላገኘ ተሰርዞ ይወጣል፣ ሰልፉም ይለቃል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ትደግሙታላችሁ።

በትልቅ ቴብል ላይ ኢንዴክስ ስትጨምሩ መጻፍን ሳያግድ የሚገነባውን ኮንከረንትሊ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሙ። ይህ በትራንዛክሽን ውስጥ አይሠራም፤ በጃንጎ ማይግሬሽን ፋይል ላይ አቶሚክ የሚለውን ማጥፋት ይገባል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የማይሠራ ኢንዴክስ ጥሎ ይሄዳል፤ እርሱን ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ።

የኮለም ስም መቀየር በአንድ ዲፕሎይ (አዲስ ኮድ ሰርቨር ላይ በማውጣት) አይደረግም። አዲሱ ኮድና አሮጌው ኮድ ለጥቂት ጊዜ አብረው ይሠራሉ፣ አሮጌው የሚያውቀው ደግሞ አሮጌውን ስም ነው። አዲሱን ኮለም ጨምሩ፣ በሁለቱም ላይ ጻፉ፣ የቀድሞውን ዳታ በጥቂት በጥቂቱ ቅዱ፣ ንባቡን ወደ አዲሱ አዙሩ፣ አሮጌውን በሌላ ቀን ጣሉ።

ኮኔክሽን ይቆጠራል

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ያስነሣል። ሴቲንጉ ካልተነካ ጣሪያው 100 ነው፤ ከዚያም ሦስቱ ለበላይ ተጠቃሚ የተጠበቁ ናቸው። አሁን እንቁጠር። ጃንጎን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ጉኒኮርን የሚመክረው የወርከር (ጥያቄ ተቀባይ ፕሮሰስ) ብዛት የፕሮሰሰሩን ኮር በሁለት አባዝቶ አንድ መጨመር ነው፤ ባለ አራት ኮር ሰርቨር ላይ 9 ይሆናል። እያንዳንዱ ወርከር 4 ትሬድ ቢኖረው 36፣ እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች 3 ቢሆኑ 108። ሥራው በበዛበት ሰዓት ኮኔክሽን አልቋል የሚለው ስህተት ይመጣል። በጃንጎ ውስጥ ኮኔክሽንን ማቆየት የሚፈቅደውን ሴቲንግ ስታበሩ ይህንን ስሌት አስቀድማችሁ ሥሩ።

ጣሪያውን ወደ አንድ ሺ መስቀል መፍትሔ አይደለም፤ ያ ሁሉ ፕሮሰስ ሚሞሪ ይበላል። ጃንጎ ከ5.1 ጀምሮ ከሳይኮፒጂ 3 (ፓይተንን ከፖስትግሬስ ከሚያገናኘው ላይብረሪ) ጋር የራሱ ፑል (የኮኔክሽን ማጠራቀሚያ) አለው፣ ለአንድ ሰርቨር ይበቃል፤ ሆኖም በየፕሮሰሱ ለየብቻ ስለሚቆጠር ድምሩን አስሉት። ሰርቨሩ ሲበዛ ኮኔክሽኖችን የሚያጋራው ፒጂባውንሰር በመካከል ይቀመጥ። በትራንዛክሽን ሞድ ስታስኬዱት አንድ ኮኔክሽን በየትራንዛክሽኑ ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ፣ በሴሽን ላይ የሚንጠለጠል ብዙ ነገር ይበላሻል። ጃንጎ ላይ በሰርቨር በኩል የሚከፈቱትን ከርሰሮች (ውጤትን በጥቂት በጥቂቱ የሚያመጡ ማንበቢያዎች) ማጥፋት አለባችሁ፤ ያለዚያ ከርሰሩ አልተገኘም የሚል አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ፣ ላፕቶፕ ላይ የማይደገም ስህተት ያሳድዳችኋል።

ለአፕሊኬሽኑ ሮል ስቴትመንት ታይምአውትም (አንድ ትእዛዝ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ጊዜ) ስጡት፤ ሠላሳ ሰከንድ ለጅምር ጥሩ ነው። የዌብ ጥያቄ ከዚያ በላይ ከቆየ ጠያቂው ገጹን ዘግቶ ሄዷል፣ ዳታቤዙ ግን ለማንም የማይደርስ ሥራ ይሠራል።

ምስጢሮችና ዲፕሎይ

የዳታቤዝ ፓስወርድና የጃንጎ ሴክሬት ኪይ በኢንቫይሮንመንት ፋይል ይቀመጡ፣ ፋይሉም ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት በጊትኢግኖር ውስጥ ይግባ። አንድ ጊዜ ኮሚት የተደረገን ፋይል ጊትኢግኖር አይደብቀውም፤ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። እንዲያ ከሆነ ፋይሉን ከማጥፋት በፊት ፓስወርዱን ቀይሩ። የዳታቤዙን አድራሻ በአንድ ዩአርኤል የምትጽፉ ከሆነ፣ በፓስወርዱ ውስጥ ያለ የኢሜይል ምልክት፣ ስላሽ ወይም ሃሽ አድራሻውን ይሰብረዋል፤ በፐርሰንት ኢንኮዲንግ ይጻፍ፣ ወይም ከፊደልና ከቁጥር ብቻ የተሠራ ረጅም ፓስወርድ ይመረጥ። ዲባግ ሰርቨር ላይ ይጥፋ፣ የሚፈቀዱ ሆስቶች ይዘርዘሩ፣ ጃንጎ ራሱ ያዘጋጀው የዲፕሎይ ቼክ በየዲፕሎዩ ይሂድ።

ባክአፑን ዛሬውኑ መልሱት

ባክአፕ የሚዘጋጀው ቴብሎቹ ገና ባዶ እያሉ ነው። የፖስትግሬስን ባክአፕ ማውጫ ፒጂዳምፕን በከስተም ፎርማት በየሌሊቱ አስኪዱ፣ ውጤቱ ከሰርቨሩ ውጭ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ። ፎርማቱ ራሱ ስለሚጨምቅ በመጭመቂያው ፕሮግራም በጂዚፕ በኩል ማሳለፍ አያስፈልግም። ማሳለፉ ጉዳትም አለው፤ ፒጂዳምፕ ቢወድቅ እንኳ ሼሉ የሚያየው የጂዚፑን ውጤት ስለሆነ ስክሪፕቱ ተሳክቷል ይላል። በፎልደሩ ውስጥ በየቀኑ አንድ ፋይል አለ፣ የእያንዳንዱ መጠን ግን 20 ባይት ነው፤ ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ የሚሆነው ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ የፋይሉን መጠን አይቶ ከትናንቱ በጣም ካነሰ ያሳውቅ።

ፒጂዳምፕ ከእርሱ አዲስ የሆነ ሰርቨርን ዳምፕ ለማድረግ እምቢ ይላል። ዳታቤዙ ወደ 17 አድጎ የባክአፑ ማሽን ላይ 15 ከቀረ፣ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ባክአፕ የለም። ሮሎችም በአንድ ዳታቤዝ ዳምፕ ውስጥ አይገቡም፤ በፒጂዳምፕኦል የጋራውን ብቻ አውጣ የሚለውን አማራጭ ተጠቅማችሁ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ያለነርሱ ስትመልሱ ይህ ሮል የለም የሚል ስህተት በየቴብሉ ይዘንባል፣ የባለቤትነትና የመብት ትእዛዞቹም ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ባክአፕ በወጣበት ቀን ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩና በፒጂሪስቶር መልሱት። በዚያ ላይ አፕሊኬሽኑን አስነሡ፣ በአፕሊኬሽኑ ሮል ግቡ፣ አንድ አዲስ ማስያዣ አስገቡ። ማንበቡ ብቻ በቂ አይደለም፤ ማስገባቱ የመብቱንም፣ የመለያ ቁጥሩ ቆጣሪ በትክክለኛው ቦታ መቀመጡንም፣ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንቱ አብሮ መመለሱንም ያሳያል። ያንኑ ሰዓት ለሁለተኛ ጊዜ ለማስያዝ ሞክሩና እምቢ ማለቱን እዩ። ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከዚህ ድረስ የፈጀውን ጊዜ በሪድሚው ፋይል ላይ ጻፉት፣ ትእዛዞቹንም በቅደም ተከተላቸው ከሥሩ። ቴብሎቹ ሲያድጉ በየሦስት ወሩ ደግማችሁ ቁጥሩን አድሱ።